የልብ ምት የሚለካው የደረት ቀበቶ 214 ይላል ሰውየው ግን ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው!! እርዱኝ

ጠያቂው፦ ሰላም አስቸኳይ ነው። ደሴ መናኸሪያ ነኝ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሾፌሮች የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ልባቸው ምን እንደሚሆን እየለካሁ ነው። ትናንት ከሰዓት በደንብ ሠርቷል፣ ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳስርለት 0 አለ ከዛ 214 ከዛ ጠፋ ከዛ ደግሞ 190። ተራው ሊደርስ 3 መኪና ነው የቀረው ምን ላድርግ??

ባትሪው፦ ባትሪውን ቀይረው።

ወሎየዋ፦ ሻዩ ውስጥ ምን ጨመሩለት ሃሃሃ

ጋሼ፦ ልጄ መጀመሪያ ምን እንደምትለካ እወቅ። በደቂቃ 60 ምት ማለት በየሰከንዱ እኩል ይመታል ማለት አይደለም፣ አንዱ ከሌላው 950 ሚሊሰከንድ ይርቃል ቀጣዩ 1040፣ ሰው ዘና ሲል ይሄ ልዩነት ሰፋ ይላል ሲጨናነቅ ይጠብባል፣ ጭንቀት የሚፈለገው እዛ ልዩነት ውስጥ ነው። አሁን ወደ ጥያቄህ ስንመጣ

ጠያቂው፦ ጋሼ 2 መኪና ቀረው!!

ሲስተር፦ ከውስጥ በኩል ቆዳ የሚነካውን ጎማ መሳይ ቦታ ውሃ ቀባው። ቀበቶው የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፣ ቆዳው ደረቅ ከሆነ አይይዝም፣ በደሴ ብርድ በጠዋት ማን ያልበዋል? ትናንት ከሰዓት አልቦት ይሆናል። ከጡቱ ዝቅ አድርገህ ጠበቅ አድርገው፣ ናይለን ካናቴራ ከለበሰም ያውልቅ ሲፋተግ ይረብሻል። ውሃ ካጣህ ምራቅም ይሆናል፣ እሱ ከፈቀደ።

ወሎየዋ፦ ኮምቦልቻ ይድረስ ብቻ ሙቀቱ ራሱ ያረጥበዋል

ባትሪው፦ ባትሪውን አልኩ እኮ፣ 2032 የምትባለዋን ክቧን።

አንዱ፦ ስማርት ሰዓት አድርግለትና ተገላገል

ሲስተር፦ ሰዓቱ በአረንጓዴ መብራት ደም ነው የሚያየው፣ መሪ ሲያዞር እጁ ስለሚንቀሳቀስ ይስታል፣ እጁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ደሙም ይሸሻል።

የሐረጎ ልጅ፦ እኔ ስንት ዓመት ነድቼበታለሁ፣ ወንድሜ ሐረጎ ማንንም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው 200 ብር ዘርግቶ መልስ የሚል ተሳፋሪና የትራፊክ ፉጨት ነው። ደግሞ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ ከሰዓት ጫቱን ይዞ የሚነዳ ሰው ልቡ ቢዘል በቁልቁለቱ ልታሳብብ ነው?

ሲስተር፦ እሱስ እውነቱን ነው። ከመነሳቱ በፊት 5 ደቂቃ ሳያወራ ቁጭ ብሎ ለካው፣ ቡናውንና ጫቱን በስንት ሰዓት እንደወሰደ ጻፍ፣ ትራፊክ ያስቆመውንም ኩርባውንም ከነደቂቃው መዝግብ። ከዛ ከሌላ ሾፌር ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው የምታወዳድረው። ቀበቶውን የሚያነበው የስልክህ አፕ በምትና በምት መሃል ያለውን ጊዜ በፋይል የማያወጣ ከሆነ ግን ልፋትህ ለገደል ነው፣ አማካይ ቁጥር ብቻ አይበቃህም።

ጠያቂው፦ ከሀይላንድ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ሾፌሩ «ኧረ ልጄ ልትገለኝ ነው» ብሎ ዘለለ ግን 82 አለ!! ተራው ደርሷል ወጣን፣ 5 ደቂቃዋን ግን አልለካሁም

ጋሼ፦ ስለዚህ ማነጻጸሪያ የለህም ማለት ነው። እንዳልኩህ

ወሎየዋ፦ ሦስት ቀን ሆነ፣ ምን ሆነልህ?

ባትሪው፦ ባትሪውን ሳይቀይር ነው የሄደው።