መድኃኒት አልሰማ ያለ ድብርትና አረቄ፦ ወንድሜን የት ልውሰደው?

የሞረቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከእነዋሪ ነው። ታላቅ ወንድሜ መምህር ነው፤ ክፍል መግባት ካቆመ ግን ቆየ። የጀመረው አባታችን ካረፉ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፣ ቀጥሎ ምግብ ዘጋው፣ ከዚያ ሰው ጠላ። አሁን ቀኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ተነሥቶ አረቄ ቤት ይሄዳል። ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ቡናውን ሲኒው ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምቀዳለት፤ እሱንም በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚጠጣው።

ሳናሳክመው ቀርተን አይደለም። መጀመሪያ ፍሉኦክሰቲን ተሰጠው፤ «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ ተወው። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ አሚትሪፕቲሊን 25 ማታ ማታ እንዲወስድ አዘዘለት። እየወሰደው ነው፣ አረቄውም አልቀረም። ባለፈው ስንሄድ የተቀበለን ባለሙያ ካርዱን እንኳ ሳይገልጥ «የእሱ ዓይነት መድኃኒት አይሰማም፣ ሌላ ነገር ሞክሩ» ብሎ ሸኘን። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እንውሰደው እያለች ነው።

እኔ ደግሞ ውጭ አገር እንዲህ ያለውን ድብርትና ሱስ የሚያጠኑና የሚያክሙ ማዕከሎች እንዳሉ በቪዲዮ አየሁ። በማደንዘዣው በኬታሚን፣ ከእንጉዳይ በሚገኝ መድኃኒት፣ አንጎል ውስጥ በሚገባ ሽቦ ሳይቀር። እንደ እኛ ያለውን ሰው ይቀበላሉ? እዚህ አገርስ አለ? በሬዎቹን ሸጬም ቢሆን እወስደዋለሁ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ በሬዎቹን አትሽጪ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ወንድምሽ መድኃኒት የማይሰማ ሰው ለመሆኑ ምንም ማስረጃ አላየሁበትም።

ለሕክምና አስቸጋሪ የሚባለው ድብርት፣ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች በበቂ መጠን፣ እያንዳንዳቸውም ለ6 ሳምንት ገደማ ሳይቋረጡ ተወስደው ለውጥ ሲጠፋ ነው። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም መነሻ ነው። ለድብርት የሚሠራው መጠን በብዛት ከ75 እስከ 150 ነው፤ እዚያም የሚደረሰው ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ነው። ራሳችሁ እንዳትጨምሩለት፤ ከአረቄ ጋር ሲሆን ትንፋሽን ያደክማል፣ ልብንም ይጎዳል። ፍሉኦክሰቲኑን ስንት ሳምንት ወሰደ? ብዙ ሰው ለውጥ ሳያይ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ መድኃኒቱ ግን ገና ሥራ አልጀመረም።

ደግሞ አንዱ ባይሠራ አለቀ ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ 4 ሺህ ያህል ሕመምተኞች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። በመጀመሪያው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የተሻላቸው ሢሶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከቀሩትም መድኃኒቱ ሲቀየርላቸው ወይም ሌላ ሲጨመርላቸው የተሻላቸው አሉ። «አይሰማም» ብሎ ሰው መሸኘት በጣም ያሳዝነኛል፤ ቤተሰብ ያን ቃል ይዞ ተስፋ ይቆርጣል።

ሌላው አረቄው ነው። አረቄ ራሱ ድብርት ያመጣል፣ ያለውንም ያብሳል። በየቀኑ እየጠጣ የየትኛውም መድኃኒት ውጤት አይታወቅም። ነገር ግን፣ ይህን ለእናትሽም አንብቢላት፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንድ ቀን አረቄ መከልከል የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊጥለውና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ይመጣል፤ ሰው ይሞትበታል። ሆስፒታል ተኝቶ ዲያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ይሰጠዋል።

ከጻድቃኔ መንገድ፦

ነርሷ ያሉት እውነት ነው ልጄ። እኔ ለጠበሉ ቅርብ ነኝ፣ የሚመጣውን ሰው አያለሁ። አንድ ጎልማሳ ከቤት እንደወጣ መጠጡን አስትተው አመጡት። በሁለተኛው ሌሊት ከጋቢው ላይ ጉንዳን ሲለቅም አደረ፤ ጉንዳን የለም። እዚያ ያደረው ሰው ሁሉ መንፈሱ ተገለጠ አለ። አንድ አገልጋይ ካህን ግን ግንባሩን ዳሰው «ይሄ ልጅ ይጠጣ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁና ያኔውኑ ጤና ጣቢያ አስወሰዱት። ተርፎ ተመልሶ ተጠመቀ።

እናትሽን ከጠበል አትከልክያት፣ እምነቷ ነው። አስቀድሞ መጠጡ በሐኪም ይውጣለት፣ ከዚያ ክኒኑን ይዞ ይምጣ። ስለ ጾሙም ስለ ክኒኑም የንስሐ አባቱ ይነገራቸው፤ መድኃኒት ተው የሚሉ አይመስለኝም።

ቶሮንቶ ነዋሪ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ፦

ስለ ውጭዎቹ እኔ ልመልስ። በአንድ የአእምሮ ጤና ምርምር ሆስፒታል የጥናት ተሳታፊዎችን ቀጠሮ የምይዝ ነኝ።

ያየሻቸው ነገሮች አሉ። የአንጎል ሽቦው እ.ኤ.አ. በ2005 እዚሁ ቶሮንቶ በ6 ሰዎች ላይ ተሞክሮ 4ቱ ተሽሏቸው ነበር፤ ዓለም ጉድ አለ። በኋላ በብዙ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ሽቦው በተከፈተላቸውና ባልተከፈተላቸው መካከል የታሰበው ልዩነት አልታየም። ምርምር ማለት ይህ ነው፤ ገና እየተጠየቀ ያለ ጥያቄ እንጂ የተገኘ መድኃኒት አይደለም። ከኬታሚን የተሠራው የአፍንጫ መርጫ በአሜሪካ በ2019 ተፈቅዷል፤ የሚወሰደው ጤና ተቋም ውስጥ በባለሙያ ፊት ነው። የእንጉዳዩ መድኃኒት ሳይሎሳይቢን ይባላል። ጆንስ ሆፕኪንስም የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅም በ2019 ለዚሁ ምርምር ማዕከል ከፍተዋል። ኒው ዮርክ ላይ በአልኮል ሱሰኞች ተሞክሮ በ2022 ውጤቱ ወጥቷል፦ በብዛት የሚጠጡባቸው ቀናት መድኃኒቱን ባገኙት 9.7 በመቶ፣ ሌላ ክኒን በተሰጣቸው 23.6 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች ግን ከክኒኑ ጋር ለሳምንታት የንግግር ሕክምና አግኝተዋል፤ ይህን ቪዲዮዎቹ አይናገሩትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከኢትዮጵያ ሰው አምጥቶ ጥናት ውስጥ ማስገባት የማይሆን ነገር ነው። ተሳታፊው በአካባቢው የሚኖር፣ ለወራት የሚመላለስ መሆን አለበት። ብዙዎቹ የድብርት ጥናቶች እየጠጣ ያለን ሰው አይቀበሉም። ቢገባም ዕጣው መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ሊሆን ይችላል። ደግሞም እውነተኛ ጥናት ከተሳታፊ ገንዘብ አይቀበልም። «ክፈሉና እናስገባችሁ» የሚል ደላላ ከደወለልሽ ስልኩን ዝጊበት። በክረምት ከሜዳ እንጉዳይ ለቅሞ መሞከርማ በጭራሽ! ሰው የሚገድል አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አገራችን ባዶ አይደለችም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ የአእምሮ ሕመምተኞችን ለዓመታት እየተከታተለ ያጠና ተቋም ነው። የቶሮንቶ ሐኪሞችም ከ2003 ጀምሮ እየተመላለሱ አዲስ አበባ ላይ የአእምሮ ሐኪሞችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ወንድምሽን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ሌላ ቦታ የምታገኘው ሳይካትሪስት ከእነሱ የተማረች ልትሆን ትችላለች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።)

የሞረቷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፍሉኦክሰቲኑን አንድ ብልቃጥ እንኳ አልጨረሰም፣ አሁን ሄጄ አየሁት፤ የተረፈው መሳቢያ ውስጥ አለ። ለእናቴ አነበብኩላት። የጉንዳኑን ስትሰማ ዝም አለችና «እንግዲያ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ» አለች። ደብረ ብርሃን ስንመጣ ምን ይዘን እንምጣ? መድን አለን። አንዳንዴ «ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» ይላል፣ ይህንም ልንገራቸው?

የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ እሱን ንገሪያቸው። ካርድ ክፍል እንደደረስሽ ተናገሪ፣ ተራ አትጠብቂ። ሐሳቡ ከጠናበት ወይም ከጣለው ሪፈርም ሳትጠብቂ በአቅራቢያሽ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። አንቺም በግልጽ ጠይቂው፦ «ራስህን ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ይቀልላቸዋል።

የእነዋሪ ሰው ጤፍ አራሽ ነው፣ ቤታችሁ ፀረ ተባይና ፀረ አረም አይጠፋም። ዛሬውኑ አውጥተሽ ጎረቤት ዘንድ ቆልፈሽ አስቀምጪ። አሚትሪፕቲሊኑም በአንቺ እጅ ይሁን፣ የማታውን ብቻ እየቆጠርሽ ስጪው፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ይገድላል። ጠጥቶ በገባበት ሌሊት ደግሞ አትስጪው፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ።

ለመድኑ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ፣ ያለ ሪፈር ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የተረፈውን ብልቃጥ ጨምሮ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ። ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ የዲያዜፓሙ መጠን የሚወሰነው በዚያ ነው። በመንገድ ላይ «ዛሬ አትጠጣም» ብላችሁ እንዳትታገሉት። አድረው ይምጡ ከተባለም አብሮት የሚያድር አንድ ወንድ ዘመድ አስከትሉ፣ ጋቢም ደርቡ፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርዱ አይቻልም።