ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ፣ ከልጆች ጋ በሳይክል አንድ ቀን ይበቃል?

የሁለት ልጆች አባት፦
ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ትልቁ 13 ትንሿ 9 ዓመቷ ነው። ሳይክል አላቸው ግን ሚነዱት እዚሁ ብሎኮቹ መሀል ስለሆነ ሰልችቷቸዋል፣ አሁን ደግሞ ግቢው መኪና በመኪና ሆኖ እሱም ሊቀር ነው። እና አንድ እሁድ ቢሾፍቱ ወስጃቸው ሀይቅ ሀይቁን እየዞርን ብንውል ብዬ አሰብኩ። ከዚህ እየነዱ መሄድ ይቻላል ወይስ ሳይክሉን መጫን ነው? የትኛው ሀይቅ ለልጅ ይሆናል? ባለቤቴ ሳይክል አትነዳም፣ የራሳችን መኪናም የለንም። የምታውቁ እስቲ ዘርዘር አድርጉልኝ።

የአቃቂ ልጅ፦
ነድቶ መሄዱን ተወው ወንድሜ። ፈጣን መንገዱ እናንተ ደጃፍ ቢጀምርም ሳይክል አይገባበትም። የሚቀርህ አሮጌው የዱከም መንገድ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሲኖትራኩ ተሳቢው አይሱዙው፣ ዱከም ስትደርስ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ከዛ ሚኒባሱ ሰው ባየ ቁጥር ዳር ይዞ ቀጥ ይላል። የ9 ዓመት ልጅ ይዞ እዛ መሀል? ኧረ በፈጠረህ።

ፔዳል፦
እኔ በዛ መንገድ እነዳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋ ገና መኪና ሳይበዛ ማለዳ ወጥተን። ለአዋቂ ይቻላል፣ ለልጅ ግን አቃቂ ያለው ልክ ነው። ደግሞ ቢሾፍቱ ከፍታዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከኛ ዝቅ ትላለች፣ ስለዚህ ስትሄድ ሳይታወቅህ ትደርሳለህ፣ ስትመለስ ነው ጉዱ ሚፈላው።
ጫነው በቃ። ቢሾፍቱ ሚሄድ ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ይጭንልሃል፣ ዋጋውን ግን ሳይክሉ ሳይወጣ ጨርስ፣ ከታሰረ በኋላ ምትከራከረው ክርክር የለም። ረዳቱ ሲያስተኛው ካቴናና ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ በማርሹ ላይ ከተኛ እየነጠረ ሄዶ ይጣመምና እዛ ስትደርስ ካቴናው አልይዝ ይልሃል። ሁለት ሳይክል ከሆነ መሀላቸው ብርድ ልብስ ወይ ካርቶን ነገር አድርግ። ፍሬን ደግሞ አርብ ወይ ቅዳሜ አሳይ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ የተነዳ ሳይክል ፍሬኑ ይስራ አይስራ ማንም አያውቅም፣ ቢሾፍቱ ወደ ሀይቅ ሚወስደው ሁሉ ቁልቁለት ነው።

የሆራ ሰፈር፦
እዚሁ ተወልጄ ያደኩ ነኝ ልንገርህ። መጀመሪያ "ሀይቁን እየዞርን" ያልከውን እርሳው። የኛ ሀይቆች አብዛኞቹ ሜዳ ላይ የተዘረጉ አይደሉም፣ ድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ጠርዙ ላይ ቆመህ ወደ ታች ነው ምታያቸው፣ ዙሪያውን ደግሞ ሪዞርትና የግል ግቢ ይዞታል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ አንዱ ነው ምትነዱት።
እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፣ ጠዋት ቢሾፍቱ ሀይቅ ጋ እጀምራለሁ፣ ከዋናው አስፋልት በስተደቡብ ያለው ነው፣ ከላይ ከጠርዙ ታይቶ ፎቶ ተነስቶ ማለፍ፣ በሳይክል አትውረዱ። ከዛ አስፋልቱን ትሻገራላችሁ፣ እዚህ ጋ ሁላችሁም ወርዳችሁ እየገፋችሁ ተሻገሩ ምክንያቱም የኛ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ እኛም አናውቅም። ወደ ሆራ ሀይቅ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ይልቅ የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ይሻላል፣ ያንገጫግጫል ግን መኪናው ቀስ ስለሚል ለልጅ ጥሩ ነው። ሆራን አይታችሁ ወደ ባቦጋያ ሀይቅ፣ ኩሪፍቱም ወደዛው ነው፣ ምሳ ባቦጋያ ዳር ካሉት ሎጆች አንዱ ጋ። መግቢያ ሚያስከፍሉ አሉ፣ ሳይክል ግቢ ማያስገቡም አይጠፉም፣ ቀድመህ ደውል። ወፍ ሚወዱ ልጆች ከሆኑ ጨለለቃን ጨምር፣ እሱ ሜዳ ነው ረግረግ ያለ፣ ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ከአውሮፓ ሚመጡ ወፎች ያርፉበታል፣ በበጋ መጨረሻ ግን ውሃው ስለሚሸሽ አትድከሙ።
ዋና የለም! ይሄን ልጆቹን ቤት እያላችሁ አስምሏቸው። ዳሩ ላይ እግር ሚደርስ ይመስላል፣ ትንሽ ገባ ሲሉ መሬቱ ከስር ይጠፋል፣ ቢሾፍቱ ሀይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ሌላው፣ ከተማው የአየር ኃይል ከተማ ነው፣ አጥርና ወታደር ባያችሁበት ስልክ አታውጡ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድም አትምጡ፣ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ነው፣ ለበዓሉ ከሆነ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሳይክል ሚያልፍበት ቀዳዳ ግን አይኖርም።

ማሚ ከለቡ፦
ሀሳብ ልስጥ፣ ለምን ሀዋሳ አትሄዱም? እዛ ነው የሳይክል ከተማ፣ ሜዳ ነው፣ ፍቅር ሀይቅ ጋ ዳር ዳሩን መሄጃ አለ፣ አሞራ ገደል ወርዶ አሳ ሲያወጡ ማየት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ሲጠብቁ ልጆቼ ከዛ አንነሳም ብለውኝ ነበር።

የሁለት ልጆች አባት፦
እህቴ ሀዋሳ እኮ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማደር ሊኖር ነው፣ ለጊዜው ኪሴ አይችልም 😄። እንጦጦስ የሚል ጓደኛ ነበረኝ፣ ሳይክል እዛው ይከራያል አለኝ።

ፔዳል፦
እንጦጦ ፓርክ ጫካው ደስ ይላል፣ ግን ከናንተ ሰፈር ከተማውን ሙሉ አቋርጦ ነው፣ ከፍታውም 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዳገት ላይ ትንሿ ቶሎ ትንፋሿ ያጥራታል። ከከተማ መውጣት ካልፈለጋችሁ ኮሪደር ልማቱ በሰራቸው የሳይክል መንገዶች እሁድ በጠዋት መሞከር ይቻላል፣ ሀይቅ ግን የለውም።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ ቢሾፍቱ ሆነ። የሆራ ሰፈር ተባረክ። ባለቤቴስ? ለኔም እኮ ሳይክል የለኝም።

የሆራ ሰፈር፦
ላንተ ጎረቤት ተዋስ፣ እዚህ አንዳንድ ሎጆች ለእንግዳ ሳይክል አላቸው ግን እሁድ ላይገኝ ስለሚችል በሱ ተማምነህ አትምጣ። ለእመቤት ባጃጅ በኮንትራት ያዝላት፣ በሰአት ሳይሆን እስከ ምሳ ብለህ ተስማማ። ከኋላችሁ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ ውሃውና ምሳቃው ጎማ መንፊያውም እሷ ጋ ይሁን፣ ትንሿ ስትደክም ባጃጁ ውስጥ ትገባለች፣ ሳይክሏ ግን አይገባም ስለዚህ ሹፌሩ ገመድ ይዞ እንደሆነ ሳትሳፈሩ ጠይቀው።