59 በመቶ አልኮል ያለው የባርቤዶስ ሩም እንዴት ይቀመሳል?

ጠያቂው፣ ከአዳማ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከለንደን ሲመጣ ፎርስኩዌር 2005 የተባለ የባርቤዶስ ሩም አምጥቶልኛል። በተወሰነ መጠን ብቻ ለገበያ የቀረበ፣ 12 ዓመት በበርሜል የቆየና የአልኮል መጠኑ 59 በመቶ የሆነ ነው። ባለፈው እሑድ ከፍተነው በመለኪያ ቀዳንና እንደ አረቄ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥነው፤ ጉሮሮዬን ከመለብለቡ በቀር ያተረፍኩት ነገር የለም። ሽታው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የወንጂ ሞላሰስ ሲያስታውሰኝ፣ ጣዕሙ ግን ከሸንኮራ አገዳ የተገኘ መጠጥ እስከማይመስል ድረስ ጣፋጭነት አልነበረውም። እንግዶቼ በኮካ ይደባለቅ ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የወንጂ ልጅ፦
አፍንጫዎ አልተሳሳተም፤ ይህ ሩም የሚሠራው ከሞላሰስ ነው። ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲያመርት የሚተርፈው ያ ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ማለት ነው። ጣፋጭ ያልሆነበት ምክንያት አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው ግልጽ ነው፦ እርሾው በሞላሰሱ ውስጥ የቀረውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ድፍድፉ እሳት ላይ ሲጣድ ደግሞ የሚተነው አልኮሉና መዓዛው እንጂ ስኳር አይደለም። ጥርት ብለው የሚጣፍጡ ብዙ ሩሞች በኋላ ስኳር የተጨመረባቸው ናቸው። ፎርስኩዌር ይህን አያደርግም፤ የእርስዎ ጠርሙስ ደረቅ መሆኑ ጉድለቱ ሳይሆን ጨዋነቱ ነው።

መጠጥ ቀጂ፣ ከሐዋሳ፦
መለኪያውን ለአረቄ ይተዉት። ብርሌም ቢሆን አንገቱ ስለሚጠብ ለአፍንጫ ቦታ የለውም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ይበጃል። 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱና ሩብ ሰዓት ይተዉት። ሲያሸቱም አፍዎን በጥቂቱ ከፍተው ከብርጭቆው ራቅ ብለው ይጀምሩ፤ በአንዴ ከጠጉበት አልኮሉ አፍንጫዎን አደንዝዞ ለሌላው መዓዛ ቦታ ያሳጣዋል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ትንሽ አድርገው በምላስዎ ላይ ያዙሩት። ከዚያም ውኃ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ በ30 ሚሊ ሊትር ላይ 8 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢገባ ጥንካሬው ወደ 47 በመቶ ግድም ይወርዳል። በረዶ ግን መዓዛውን ስለሚዘጋው አልመክርም። ለኮካው፣ እንግዶችዎን ሳያስቀይሙ ርካሽ ሩም ይግዙላቸው።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ፦
ስለ ዕድሜው አንድ ነገር ልጨምር። በስኮትላንድ በርሜል ውስጥ ያለ ውስኪ በዓመት 2 በመቶ ያህል ሲተን፣ በካሪቢያን ሙቀት ግን ትነቱ የዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በዓመት 6 በመቶ ቢተን እንኳ ከ12 ዓመት በኋላ ከበርሜሉ ግማሹም አይተርፍም፤ የዋጋው መወደድ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአዳማን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሩም የቆየው ቀድሞ ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት በርሜል ስለሆነ፣ ቫኒላና ኮኮናት የሚመስል ሽታ ቢያገኙ ምንጩ እንጨቱ ነው። ቀለሙን ግን የዕድሜ ምስክር አያድርጉት፤ በሌሎች ሩሞች ላይ በተቃጠለ ስኳር የሚጠቁርበት ጊዜ አለ። ጠርሙሱንም አቁመው ከፀሐይ ያርቁት፤ ከተጋደመ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደተባለው አደረግሁ። ያለ ውኃ የእንጨትና የቅርንፉድ ሽታ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ማንኪያ ውኃ ሲገባ ግን ዘቢብ መሰል ነገር ወጣ፣ ኮኮናቱም ተከተለ። ደረቅነቱን ገና አልለመድኩትም። ባለቤቴ አሽታ «ይህማ የተላጠ እርሳስ ነው» ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝ፤ እኔም ከዚያ በኋላ እርሳሱን ከአፍንጫዬ ማውጣት አልቻልኩም።