የማይታይ ሥራን እንዴት አድርጌ ላመስግን?

እባካችሁ ሐሳብ አዋጡልኝ። የነጋዴዎች ማኅበራችን የፖሊሲ ጉዳዮች ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ነው። የሽኝቱን ንግግር እንዳዘጋጅ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

የጨነቀኝ ይኼ ነው። ሕንፃ የሠራ ሰው ሥራው ይታያል። የእሳቸው ግን አብዛኛው ሳይሆን የቀረ ነገር ነው። ያልጸደቀ አንቀጽ፣ ያልተጣለ ክፍያ፣ ነገ ተግባራዊ ይሁን ሲባል የመሸጋገሪያ ጊዜ የተሰጠው መመሪያ። ትንንሽ ሱቅ ያላቸው አባሎቻችን ከምን እንደዳኑ እንኳ አያውቁም። ይኼን ለሰው እንዴት ነው የማሳየው?

ትናንት አንድ የቆየ የመመሪያ ረቂቅ ሰጡኝ። ጠርዙ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። «ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል» ከሚለው በላይ «በጽሑፍ ካስጠነቀቀ በኋላ» ብለው ጨምረዋል። ሦስት ቃል ናት። በእሷ ምክንያት ሳይዘጋ የቀረውን ሱቅ ሳስብ እንባዬ መጣ።

ያቺን ገጽ በፍሬም አድርጌ ልስጣቸው ብዬ አስቤያለሁ። ያንስባቸው ይሆን?

ሌላው ደግሞ ሙገሳ አይወዱም። «ማስረጃውን ያመጡት አባላቱ ናቸው» ይላሉ ሁሌም። እውነት አላቸው፤ ግን ያንን ሁሉ ደረሰኝና ቅሬታ አንድ በአንድ አንብበው ለውይይት መድረክ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ሲከራከሯቸው የነበሩትን የመንግሥት ባለሙያዎችስ ብጋብዝ ደስ ይላቸዋል?

እንዲህ ያለ ሽኝት ያዘጋጃችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ንግግሩን በምን ልጀምር? ሽኝቱ የፊታችን ዓርብ ነው።