በማዕበል ላይ የሚጋልቡት ፈረሶች የትኞቹ ናቸው? የቻይና ፖርሴሊን ለምታውቁ የቀረበ ጥያቄ

በውርስ እጄ የገባው የቻይና ፖርሴሊን (ነጭ ስስ ሸክላ) ጎድጓዳ ሳህን ሥዕሉን ለመለየት አስቸግሮኛልና የምታውቁ ሰዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በውጭ ገጹ ላይ ቢጫ፣ ነጭና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው አራት ፈረሶች በአረንጓዴ ማዕበል ላይ ይጋልባሉ፤ ከትከሻቸው ነበልባል የሚመስል ነገር ይወጣል፣ በመካከላቸውም የፕለም አበቦች ተበትነዋል።

በቻይና አፈ ታሪክ የዡ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሙ፣ በኩንሉን ተራራ ወደምትኖረው የምዕራብ ንግሥት እናት ሲጓዝ ሠረገላውን የሳቡለት ስምንት ፈረሶች እጅግ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ግን በሸክላ ላይ ብዙውን ጊዜ በሜዳ ሲግጡ፣ ሲንከባለሉ ወይም በዛፍ ጥላ ሲያርፉ ስለሚሣሉ፣ ውሃ እየረገጡ የሚበሩት የእኔዎቹ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (1368–1644) ዕቃዎች ላይ ወደሚታዩት የባሕር ፈረሶች (በማዕበል ላይ ወደሚጋልቡት የአፈ ታሪክ ፈረሶች እንጂ ወደ ዓሣው አይደለም) ያደላሉ ብዬ አምናለሁ። ይህ እምነቴ ትክክል ነው? ወይስ የፈረሶቹ ቁጥር ስምንት አለመሙላቱ ምንም አያረጋግጥም?

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ዕድሜው ነው። በቻይናው ንጉሠ ነገሥት በካንግሺ ዘመን (1662–1722) በፖርሴሊን ሥራዋ በታወቀችው በጂንግደዠን ከተማ እንዲህ ያሉ ሳህኖች ተሠርተዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የካንግሺን ዘመን የሚመስሉ ዕቃዎች በብዛት ወጥተዋል። የሳህኔ ግርጌ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ታዲያ ሁለቱን ለመለየት የእግሩን ጠርዝ አሠራር፣ የቅቡን (መስታወት መሰሉን ሽፋን) አፈሳሰስ ወይስ የፈረሶቹን አሣሣል አስቀድሜ ልመርምር?