የሚኒባሴ የጭስ ማጣሪያ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል

ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ የምትሠራ የ1996 ሞዴል ሃይሩፍ ቶዮታ አለችኝ። ሞተሯ 3ኤል ነው፤ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ኮምፒውተር የሌለው። ዳገቱ ላይ የምትተፋው ጥቁር ጭስ ያሳቅቀኛል፤ ተማሪዎች በዳር በዳር ይሄዳሉ።

ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስቀየርኩ፣ የናፍጣ ፖምፓውንም አስተካከልኩ። ጭሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ከሌላ የናፍጣ መኪና የወጣ የሴራሚክ ጭስ ማጣሪያ ገዝቼ በማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ቦታ አስበየድኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የጭስ ማውጫውን ጫፍ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ አልጠቆረም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በሦስተኛው ሳምንት ግን ጉልበቷ ሞተ። ሰው ሞልታ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የወጣችው። አስፈትቼ በኮምፕረሰር አስነፋሁት፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ያው ሆነ።

ማጣሪያው እንዳይደፈን የያዘው ጥቀርሻ እዚያው መቃጠል አለበት። ጥቀርሻ ካታሊስት (ቃጠሎውን የሚያግዝ ንጥረ ነገር) ከሌለ እንዲቃጠል ወደ 600 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ካታሊስት ካለ ዝቅ ይላል። እኔ ማጣሪያው መግቢያ ላይ ስለካ ግን ዳገት ላይ እንኳ 300 አይሞላም። ማርሚታው ከሞተሩ ሩቅ ስለሆነ ይመስለኛል።

መካኒኬ «ውስጡን ሰብረህ አውጣው» ይለኛል። እሱን አላደርገውም፤ ጭሱ ይመለሳል።

ኮምፒውተር በሌለው ሞተር ላይ ማጣሪያውን ጭሱ ከሞተሩ ወደሚወጣበት ማኒፎልድ አስጠግቶ፣ ቧንቧውንም ሙቀት በሚይዝ ነገር ጠቅልሎ፣ ጥቀርሻውን ራሱ እንዲያቃጥል ማድረግ የቻለ ሰው አለ?