«ገንዘብ አለቀ» ምክንያት ነው ወይስ ውጤት?

ጥናት ላይ ያለች ተማሪ፦ የተዘጉ ስታርትአፖችን (አዲስ ጀማሪ ኩባንያዎችን) ታሪክ እየሰበሰብኩ ነው። አማካሪዬ ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ምክንያት ስጪ ብሎኛል። ሲቢ ኢንሳይትስ የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዝርዝር አንደኛው «ገበያው አልፈለገውም» ነበር፣ 42 በመቶ። በ2021 ግን «ገንዘብ አለቀ» በ38 በመቶ ቀደመው፤ ገበያው 35 ላይ ወረደ። እና አንድ ምክንያት ይበቃል ትላላችሁ?

የሂሳብ ባለሙያ፦ «ገንዘብ አለቀ» የሚለውን ከነጭራሹ አውጪው። ሐኪም የሞት ምክንያት ላይ «ትንፋሹ ቆመ» ብሎ ይጽፋል? ገንዘቡ ለምን አለቀ ነው ጥያቄው።

ዳታ አጥኚ፦ ሁሌም አይደለም። ኩዊቢን እይ። የአጫጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ነበር። 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ በኤፕሪል 2020 ሥራ ጀመረ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዘጋ። ካዝናው ግን ባዶ አልነበረም። ገንዘብ ሳያልቅበት የሚዘጋም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ማለቁ የራሱ ምድብ ይገባዋል። ደግሞ እነዚያ ፐርሰንቶች ተደምረው ከመቶ ያልፋሉ፤ አንድ ኩባንያ ብዙ ምክንያት ስለተመዘገበለት ነው። እንደ ዳቦ ቁራሽ አታነጻጽሯቸው።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፣ ግን ለኔ ነው የሚያግዘው። የኩዊቢ መሪዎች ራሳቸው ሲዘጉ «ወይ ሐሳቡ አልጠነከረም፣ ወይ ጊዜው አልሆነም» ነው ያሉት። ውስጡ የነበሩት አንዱን መምረጥ ካቃታቸው እሷ በምን ትምረጥ?

የቀድሞ መስራች፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። እኛ ስንዘጋ ለጠየቀን ሁሉ «ኢንቨስተሩ ስላዘገየን ነው» አልን። ከልቤ አምኜበት ነው ያልኩት። ከወራት በኋላ የደንበኞቻችንን መዝገብ ከፈትኩ። 60 ሰው ተመዝግቧል። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ተመልሶ የገባው 4 ብቻ፣ ከነሱም ሁለቱ የራሳችን ሠራተኞች። ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ዓይናችን ሥር ነበር። እባክሽ እህቴ፣ መስራቹን ብቻ ጠይቀሽ አትመለሽ። ቀድሞ የለቀቀውን ሠራተኛና መጠቀም ያቆመውን ደንበኛም ፈልጊ።

ዳታ አጥኚ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን የተዘጉትን ብቻ ካየሽ ዋጋ የለውም። መስራቾች ተጣሉ ትያለሽ፤ ቆመው በሚሄዱት ኩባንያዎች ውስጥስ አይጣሉም? እዚያም እኩል ካገኘሽው ጠቡ አልገደለውም ማለት ነው። ለዚህ ነው በሕይወት ካሉት ጋር ማወዳደር ያለብሽ። አሥር ምክንያት መደርደሩም ያው ነው፤ ሁሉንም ካልሽ ምንም አላልሽም።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ላድርገው? ሦስት ዓምድ። በመጨረሻው ቀን የሆነው፣ ከዚያ በፊት የተበላሸው፣ የነገረኝ ሰው ማን እንደሆነ። በሕይወት ካሉትም እኩል ቁጥር እጨምራለሁ።

የሂሳብ ባለሙያ፦ ለኔ በቂ ነው።

ዳታ አጥኚ፦ ሁለተኛው ዓምድ አሁንም አልተዋጠልኝም፤ ግምትሽ ይገባበታል። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ለየብቻ ይሙሉት። ስንቱ ላይ እንደተስማሙ ቆጥረሽ አምጪልን፣ ከዚያ እንነጋገራለን።